ሳይሰናበት የሄደ ሰው ምን አስረከበ?

(የመግቢያ ዜማ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

 በደልጊ፣ በቁንዝላ፣ በጎርጎራ፣ በደቅ፣ በዘጌ፣ በባሕር ዳር፣ በጣና ዙሪያ ሁሉ ያላችሁ፣ ከእርሻ የገባችሁም፣ ገበያ ውላችሁ የተመለሳችሁም፣ ቡና ያቀራረባችሁም፣ ለጥቂት ደቂቃ ጆሯችሁን ስጡን።

ዛሬ የምናነሳው ከባድ ነገር ነው፤ ድንገተኛ ሞት። ታሞ፣ ተኝቶ የሚሞት ሰው ጊዜ ያገኛል። የንስሐ አባቱ ይመጣሉ፣ ልጆቹ ይሰበሰባሉ፣ ያለበትን ዕዳና የተቀበለውን አደራ ተናግሮ ያልፋል። ጠዋት “ደህና ዋሉ” ብሎ ወጥቶ ማታ ሬሳው የሚገባ ሰው ግን ይህን አያገኝም። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ለመናዘዝ እንኳ ፋታ ያላገኘ ሰው ከኋላው ምን ይቀርለታል? ቀረለት የምንለውስ በምን ይታወቃል? በሐውልት ነው? በሀብት ነው? ወይስ በለቅሶው ብዛት?

የእኔን መልስ ገና ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ወደፊትም እየመላለስኩ ስለማነሳው ልብ በሉልኝ። ድንገተኛ ሞት ይዞ የሚሄደው በሟቹ እጅና በሟቹ ጭንቅላት ብቻ የነበረውን ነው። በሕይወት ሳለ ለሌላ ያስረከበውን ሞት አያገኘውም። ስለዚህ የአንድ ሰው ትሩፋት የሚጀምረው ሲቀበር አይደለም፤ ቆሞ እየሄደ፣ ያወቀውን ለሌላው መስጠት የጀመረ ዕለት ነው።

(አጭር የክራር ዜማ)

ነገሩን ሁላችሁም በምታውቁት ሰው እንየው። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር፤ ዕለቱም የገብርኤል። በዚያ ጠዋት አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሞተው ተገኙ። ገና የ53 ዓመት ሰው ነበሩ። ወሬው ወዲያው አገር አዳረሰ። ሐምሌ 22 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወጥቶ አለቀሰ። ከዚያ ሕዝብ አብዛኛው በአካል አግኝቷቸው አያውቅም። የሚያውቃቸው በቴሌቪዥን ነው፤ የሥራ ቆብ ደፍተው፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ ከግድቡ አፋፍ ቆመው ለጎብኚ ሲያስረዱ።

ለእናንተ ደግሞ የሩቅ ሰው አልነበሩም። የተወለዱት ከጣና ማዶ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በማክሰኚት ነው። ከደልጊ ሆኖ ሐይቁን አሻግሮ ለሚያይ ሰው በዚያው አቅጣጫ ማለት ነው። ሥራ የጀመሩት በያኔው መብራት ኃይል ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤቱ ማሠልጠኛ ተምረው እዚያው አስተማሪ ሆነዋል። ኋላም የግልገል ግቤ አንድን፣ ቀጥሎም የግልገል ግቤ ሁለትን ግንባታ መርተዋል። ሁለተኛው ግቤ የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፤ የመጀመሪያው ተጠቅሞ የለቀቀውን ውሃ ተቀብሎ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ወስዶ ኃይል ያመነጫል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ የሕዳሴውን ሥራ እንዲመሩ የተሰጣቸው በዚህ መንገድ ላለፉ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ያን ሐሙስ ጠዋት ስንት ሰው “ግድቡስ ምን ይሆናል?” ብሎ ጠየቀ? ብዙ ሰው። ጥያቄው የፍቅር ነው፣ የስጋትም ነው። ግን ከጥያቄው ሥር አንድ እምነት አለ፤ ትልቅ ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይቆማል፣ ያ ሰው ሲወድቅ ሥራውም ይወድቃል የሚል። ይህ እምነት ትክክል ነው ወይ? መልሱን ለማግኘት ግድቡ እንዴት እንደተሠራ ጠጋ ብለን እንይ።

የሕዳሴው ግድብ ዋና አካል የተሠራው ባለሙያዎቹ “አርሲሲ” በሚሉት ኮንክሪት ነው። ለቤት መሠረት ከሚፈሰው ኮንክሪት ይለያል፤ ውሃው ያነሰ፣ ደረቅ ያለ ነው። ተጓጉዞ ይመጣና በዶዘር ይነጠፋል፤ ከዚያ አስፋልት የሚዳምጠው ዓይነት ሮለር እየተመላለሰ ይዳምጠዋል። አንዱ ንጣፍ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ግድቡ ግን ወደ ላይ 145 ሜትር ገደማ ይቆማል፣ ወደ ጎን ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። ስንት ንጣፍ እንደሚደራረብ እናንተው ገምቱት። ዋናው ቁም ነገር ያለው በንጣፎቹ መካከል ነው፤ የታችኛው ሳይጠና የላይኛው ሊደረብ ይገባል። ከዘገየ ሁለቱ አይያያዙም፤ ፊቱ ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ ማያያዣ ተደርጎበት ነው ሥራው የሚቀጥለው። ጉባ ደግሞ የሚያቃጥል ቆላ ስለሆነ ኮንክሪቱ ቶሎ ይጠናል። ስለዚህ ሥራው ሌት ተቀን፣ በፈረቃ ነበር። የሌሊቱ ፈረቃ ሲወጣ ለቀኑ ፈረቃ “እዚህ ላይ አቁመናል፤ ይሄኛው በዚህ ሰዓት ተነጥፏል፤ ያኛው ገና አልተዳመጠም” ብሎ ካላስረከበ፣ ስህተቱ ዛሬ ባይታይም ግድቡ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል።

ልብ አላችሁ? እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቆልፎ ሊቀመጥ አይችልም። ቢቀመጥ በሁለተኛው ቀን ይቆማል። በየቀኑ እየተጻፈ፣ እየተነገረ፣ እየተረካከበ የሚሄድ ነው። የዚህ ዓይነት ሥራ መሪ ትልቁ ተግባር ሁሉን ነገር ራሱ ማወቅ አይደለም፤ የሚያስፈልገው እውቀት ሁሉ በሚያስፈልገው ሰው እጅ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ? ሥራው ያለ ችግር ቀጠለ ብል እዋሻችኋለሁ። ግድቡ ቀድሞውንም ያልቃል ከተባለበት ጊዜ ዘግይቶ ነበር። በዚያው ክረምት የብረታ ብረቱና የኤሌክትሮ መካኒካሉ ሥራ ብዙ ችግር እንዳለበት በይፋ ተነግሮ፣ ከያዘው ከብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እንዲወሰድ ተደረገ። አስቸጋሪ ጊዜ ነበር። ቢሆንም ኢንጂነር ክፍሌ ሆሮ የሥራ አስኪያጅነቱን ቦታ ተረከቡ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የመጀመሪያው የውሃ ሙሌት ተከናወነ። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ስመኘው ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር።

(ማረፊያ ሙዚቃ፤ አሥር ሰከንድ)

እዚህ ላይ “ቆይ እንጂ” የሚል አድማጭ እንደሚኖር አውቃለሁ። “ግድቡን የጨረሰው መንግሥት ነው፤ ገንዘቡ ነው፤ ሥራ ተቋራጩ ነው፤ ደመወዙን የሰጠው፣ ቦንድ የገዛው፣ በ8100 መልእክት የላከው ሕዝብ ነው። ስመኘው ቢኖሩም ባይኖሩም ማለቁ አይቀርም ነበር። ታዲያ ይህ እንዴት የእሳቸው ትሩፋት ይሆናል?” ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግማሹንም እቀበለዋለሁ። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ራሱ ጉባ ከሚደርሰው ውሃ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ ብዙውን በሽሎና ጀማ፣ ሙገርና ጉደር፣ ዴዴሳና ዳቡስ በመንገድ ላይ ይጨምሩበታል። የግድቡ ሥራም እንዲሁ የብዙ ሺህ ሰው ነው። በዚያ ቆላ ላባቸውን ያፈሰሱ፣ ስማቸው በሬዲዮ ያልተጠራ ሠራተኞች አሉበት፤ ከመካከላቸውም ፍጻሜውን ሳያዩ ያለፉ አሉ።

ግማሹን ግን አልቀበለውም። “ያለ እሳቸውም ያልቅ ነበር” የሚለውን ሰዎች የሚያነሱት የሟቹን ሥራ ለማሳነስ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አላውቅም። እኛ ዘንድ አንድን ሰው ስናወድስ ምን እንላለን? “እሱ ከሌለ ቤቱ አይቆምም”፣ “ያለ እሷ ማኅበሩ አንድ እርምጃ አይሄድም” እንላለን። ሙገሳ ይመስለናል። ረጋ ብለን ካየነው ግን የተናገርነው አደጋ ነው፤ ያ ቤት፣ ያ ማኅበር በአንድ ሰው ትንፋሽ ላይ ቆሟል ማለታችን ነው። አንድ የሥራ መሪ በሞተ ማግስት ሥራው ቢቆም፣ ትሩፋቱ ሳይሆን ጉድለቱ ነው የተገለጠው። ስመኘው እነዚያን ዓመታት ሁሉ ለጋዜጠኛው፣ ለተማሪው፣ ለገበሬው፣ ለእንግዳው በሚገባው አማርኛ ሲያስረዱ የነበረውን አስቡት። ገንዘቡን ያዋጣ ሕዝብ ገንዘቡ ምን እየሆነ እንደሆነ እንዲያይ አደረጉት። ይህም ማስረከብ ነው፤ ሥራውን ለሕዝቡ ማስረከብ።

በሌላም አገር እንዲሁ ሆኗል። በአሜሪካ ኒውዮርክ የብሩክሊን ድልድይ የሚባል ዝነኛ ድልድይ አለ። የነደፈው ጆን ሮብሊንግ እ.ኤ.አ. በ1869 ግንባታው ገና ሊጀመር ሲል ጀልባ እግሩን ጨፈለቀው፤ ቁስሉ መንጋጋ ቆልፍ አመጣበትና ሞተ። ልጁ ዋሽንግተን አብሮት ይሠራ ስለነበር ተረከበ። እሱ ደግሞ ከወንዙ ሥር፣ አየር ታምቆ በሚገባበት ክፍል ሲሠራ በጠና ታመመ። ያኔ ሚስቱ ኤሚሊ የምሕንድስናውን ሒሳብ ተማረች፤ የባሏን መመሪያ ለመሐንዲሶቹ እያደረሰች፣ የእነሱን ጥያቄ እየመለሰች ሥራውን ያዘች። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1883 ተመረቀ፤ እስከ ዛሬም መኪና ይሄድበታል። አባትዬው ንድፉን ለልጁ ባያሳውቅ፣ ልጁም ለሚስቱ ባያሳውቅ ኖሮስ?

(አጭር የዋሽንት ዜማ)

አሁን ደግሞ ወደ መንደራችን እንምጣ። “እኛ ግድብ አንሠራ፣ ድልድይ አንነድፍ፤ የእኛ ቢጤ ምን ትቶ ያልፋል?” የምትሉ አላችሁ። እስኪ ታንኳን አስቡ። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ እየተነባበረና እየጠበቀ ይታሰራል። አንድ ታንኳ ብዙ አይኖርም፤ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በጥቂት ወራት ይበሰብሳል፣ አዲስ መሥራት ግድ ነው። የቅድመ አያቶቻችሁ ታንኳ ዛሬ አንድ እንኳ የለም። ታንኳ ግን አለ። ለምን አለ? እያንዳንዱ ታንኳ ሠሪ ደንገል እንዴት እንደሚመረጥ፣ ምን ያህል እንደሚደርቅ፣ ማሰሪያው የት ላይ እንደሚጠብቅ ለልጁና ለጎረቤቱ በእጁ እያሳየ ስላለፈ ነው። በቋጥኝ ላይ ስሙ የተቀረጸ አንድም ታንኳ ሠሪ የለም፤ ነገር ግን ከብዙ ሐውልት የበለጠ ዕድሜ ያለው ሥራ አስረክበውናል። ስለዚህ ማስረከብ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ አይደለም።

ክፉውን ወገንም እንይ። አንድ አባወራ በድንገት ሞተ እንበል። ማለዳ ጡሩምባ ተነፋ፣ እድርተኛው ድንኳን ተከለ፣ ቀብሩ ተፈጸመ፣ ሰልስቱ ወጣ። ከዚያ ምን ይመጣል? አንዱ “ይህን ያህል ብር አበድሬዋለሁ” ይላል። ሌላው “መሬቱን እኩል የሰጠኝ ለሁለት ዓመት ነው” ይላል። ሚስቱ የተባለው እውነት ይሁን ውሸት አታውቅም፤ ባሏ አልነገራትም። ያበደረውም እንዳለ አታውቅም፤ ያ ተበዳሪ ደግሞ ዝም ይላል። በክልላችን በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር፣ ፎቶግራፋቸውም አብሮ እንዲለጠፍ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ቢያንስ መሬቱ የማን መሆኑ ተጽፏል። ቃል ለቃል የተዋዋሉት ግን ምስክሩ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ከእሱ ጋር ይቀበራል። ይቺ ሴት ሐዘኗን በወጉ እንኳ ሳታዝን ክርክር ውስጥ ትገባለች። ከሞቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ሞቱን ማስቀረት አይቻልም፣ ይህን ግን ይቻል ነበርና።

ደግሜ ልበለው፤ ድንገተኛ ሞት ይዞ የሚሄደው በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ የነበረውን ነው።

(ማረፊያ ሙዚቃ)

ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ይቀሩኛል። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፤ “ሰውን ባስረከበው ሥራ ከለካችሁት፣ ገና በልጅነቱ የተቀጠፈውስ? ምንም ሳይሠራ፣ ማንንም ሳያስተምር የሄደ ሕፃን ምን ሊባል ነው? እናቱስ ምን ትባል?” ለዚህ ጥያቄ የእኔ ሐሳብ እዚህ ድረስ ነው የሚደርሰው፤ ከዚህ አያልፍም። ትሩፋት የሰውን ዋጋ አይለካም። ስለ ትሩፋት የምናወራው ያለነው ሰዎች ምን ማድረግ እንዳለብን ለማወቅ ነው እንጂ ሟቹን በሚዛን ለማስቀመጥ አይደለም። ልጇን ያጣች እናት ጋ ሄዶ “ትቶት ያለፈው ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እሷ ዘንድ የሚኬደው አጠገቧ ለመቀመጥ፣ ውሃ ለመቅዳት፣ እህል እንድትቀምስ ለመለመን ነው። እድራችን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ሁለተኛው ስለ አሟሟት ነው። በኢንጂነር ስመኘው ሞት ላይ የፌዴራል ፖሊስ ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በሰጠው መግለጫ፣ ራሳቸውን ማጥፋታቸውን በምርመራ እንዳረጋገጠ አስታወቀ። ብዙ ሰው ግን ይህ አልተዋጠለትም፤ ዛሬም ጥያቄ አለው። “ስለ ግድቡ መጠናቀቅ ማውራት ይህን ጥያቄ ማድበስበስ ነው” የሚሉ አሉ። መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው። የሟችን ሥራ ማመስገን የአሟሟቱን እውነት ከመፈለግ ነፃ አያወጣም፤ ሁለቱም ዕዳ ናቸው፣ አንዱ የሌላው ክፍያ ሊሆን አይችልም። ዘመዶቹ ጥያቄ ያላቸው ሟች ሁሉ፣ የአገር ሰው ይሁን የቀበሌ ሰው፣ ጥያቄው በአግባቡ እንዲሰማ ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር ለእያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመካከላችሁ ልቡ የከበደው፣ ኑሮ ያስጠላው ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት። ብርቱ የሚመስለውን፣ ቤት የሚያስተዳድረውን፣ ሁሉም “እሱ ምን ይሆናል” የሚለውን ሰው ጠይቁ። “እንዴት ነህ?” ብላችሁ “ደህና” ሲል አትለፉት፤ ተቀመጡና እንደገና ጠይቁት። እናንተም እንዲህ ከተሰማችሁ ለሚወዳችሁ ሰው፣ ለንስሐ አባት፣ ለሼኽ፣ በአቅራቢያችሁ ላለ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ተናገሩ። ሸክምም ከሌላ ሰው ጋር ይካፈላል።

(የመዝጊያ ዜማ በስሱ ይጀምራል)

እንግዲህ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ቁጭ በሉና እነዚህን ተነጋገሩ፤ ማን ያበደረን አለ? ያበደርነውስ? መሬቱን ከማን ጋር፣ ለስንት ዓመት ተዋዋልን? ደብተሩ የት ተቀምጧል? መጻፍ የሚችል ልጅ ካለ ይጻፈው፤ ሁለት የታመኑ ሰዎችም ይወቁት። ታንኳ የምትሠሩ፣ መረብ የምትጠግኑ፣ ንብ የምታነቡ፣ አጥንት የምትጠግኑ አባቶችና እናቶች ደግሞ፣ አንድ ወጣት ምረጡና በዚህ ሳምንት አጠገባችሁ አስቀምጡ። ለእድር ጸሐፊዎች ሌላ ጥያቄ አለን፤ የእድራችሁን መዝገብ ከእናንተ ሌላ ማን ማንበብና መያዝ ይችላል?

በሚቀጥለው ሳምንት ይህን ቀጥለን፣ የብድርና የእኩል ውል በቀላሉ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ምስክር ማን ቢሆን እንደሚበጅ እንነጋገራለን። ውል ጽፋችሁ የምታውቁ ካላችሁ ወረቀቱን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ጠብቁን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።

(የመዝጊያ ዜማ ከፍ ይላል)